አንድ ጉሮሮ ለስድስት ሆድ

መኪና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ወገን ይኖር ይሆናል። ለሲሪንቃ ልጆች ግን ጉዳይ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስላደግን የመኪናውን ዓይነት ገና ሳናየው በድምፁ እንለየዋለን። ከዚያም በላይ የደብተራችንንም የመሳፈሪያችንንም ወጪ ችሎ እዚህ ያደረሰን የአጎታችን አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። እንግዲህ ባለፈው ክረምት በቤታችን የተነሣውን «አንድ ካርቡራቶር ወይስ ሁለት?» የሚል ክርክር ለጓደኞቻችን ብናቀርብ ቅር አትሰኙብን።

መኪናው ኤፍ ጄ 45 የሚባለው፣ ኋላው ለጭነት የተሠራ ዓይነት ነው። ሞተሩ ደግሞ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የገጠመው ቱ ኤፍ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር ባንድ መስመር፣ 4.2 ሊትር፣ የሚጠጣው ቤንዚን። ከመርሳ ሽንኩርትና ማንጎ፣ ከቆቦ ማሽላ ያመላልሳል። አምቡላንስ በጠፋበት ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች፣ ሰው የሚመጣው የአጎታችንን በር ለማንኳኳት ነው። መኪናው አልነሣ ያለ ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችል መንገር አያስፈልግም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘበት ጊዜ መኪናው ጎማው ወልቆ፣ ባትሪው ተደብቆ ቆመ። ቤንዚን ብዙ ሲቆም ይደርቃል፤ ሲደርቅም እንደ ሙጫ ይሆናል። ይኸው ሙጫ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያሉትን የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ መተላለፊያዎች ደፈናቸው። ታጠበ፣ ተነፋ፣ ሠራ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። እንዲሁ እየተጠጋገነ ቆይቶ በመጨረሻ መካኒኩ፣ «ጋሼ፣ በቃ! ይኼን ካርቡራቶር ይቅበሩት» አለ። ምን ይተካ? ክርክሩ ከዚህ ተነሣ።

ታናሽ ወንድማችን «ሁለት ይሁን» ባይ ነው። ነገሩንም ያለ ማስረጃ አላመጣውም። ስድስቱን ካንዴላ ፈትቶ በጆንያ ላይ በየተራቸው ደረደራቸው። የመካከሎቹ፣ ሦስተኛውና አራተኛው፣ ጥላሸት ለብሰዋል፤ የዳርና የዳሩ፣ አንደኛውና ስድስተኛው፣ ነጣ ብለዋል። ጥላሸቱ የጥጋብ፣ ንጣቱ የረኃብ ምልክት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርቡራቶሩ ከመካከል ተቀምጦ አየርና ቤንዚን እያደባለቀ በቱቦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይልካል። አየሩ ቀላል ነውና እስከ ዳር ይደርሳል፤ የቤንዚኑ ጠብታ ግን ስለሚከብድ በመንገድ ላይ በቱቦው ግድግዳ እየተለጠፈ ይቀራል። ከድስቱ አጠገብ የተቀመጠው ይጠግባል፤ በር ላይ የተቀመጠው እንጀራውን ያለ ወጥ ይበላል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ለማናችን አዲስ ነው?

ካርቡራቶሩ ሁለት ቢሆን አንዱ የፊተኞቹን ሦስት፣ ሌላው የኋለኞቹን ሦስት ይመግባል፤ መንገዱም ያጥራል። የቱ ኤፍ ሲሊንደሮች የሚተኩሱት በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ነው። ልብ ብላችሁ ብትቆጥሩ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እያለ ይሄዳል፤ አንዱ ካርቡራቶር ሲሰጥ ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል። ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ቆሞ ያደመጠ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ቀኝና ግራ ዜማውን የሚቀባበሉት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለው ጃጓር ኤክስ ኬ 120 ስድስቱን ሲሊንደር የሚመግበው በሁለት ካርቡራቶር ነበር። ታዲያ ለእኛ ጊዜ ምን ነውር አለው?

አጎታችን ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰምተው፣ «ሁለት በሬ ማን ይጠላል? አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲዘገይ ግን ትልሙ ይጣመማል» አሉ።

የወልድያው መካኒክ ለመከራከር አልፈለገም። ጋራዡ ውስጥ አንዲት አሮጌ ሜርሴዲስ 250 ቆማለች፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራቶር። ሞተሯን አስነሥቶ አንዲት ቀጭን ጎማ አቀበለን። አንዱን ጫፍ ከጆሯችን፣ ሌላውን ከካርቡራቶሩ አፍ አስጠግተን አየሩ ሲሳብ አደመጥን፤ ሽሽሽ ይላል። ወደ ሁለተኛው አዛወርነው፤ ድምፁ ወፈር አለ። አንዷን ቡሎን በጣም በትንሹ አዞረና «አሁንስ?» አለን። ሁለቱ ድምፆች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ከዚህ ወደዚያ ስንመላለስ ሻይ ቀዘቀዘ። «ይኼ ዛሬ ነው፤ የነዳጅ መስጫው ዘንግ ትንሽ ሲበላ ደግሞ እንደገና ነው» አለ መካኒኩ።

ነገሩ የድህነት ብቻ አለመሆኑን ደግሞ የእንግሊዞቹ ታሪክ ያሳያል። ኦስቲን ሂሊ 3000 የተባለው የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1961 ሦስት ካርቡራቶር ተገጠመለት፤ በ1962 ግን ወደ ሁለት ተመለሰ። ሦስቱን አስማምቶ ማኖር ለባለሙያውም ፈተና ነበርና።

አገራችንን ደግሞ እንይ። ሲሪንቃ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቆቦ ስንወርድ ወደ 1500 እንጠጋለን፤ ከወልድያ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥተን ጋሸና ስንደርስ ወደ 3000 እንቃረባለን። በ2000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር በአምስት እጅ አንዱ ያህል የሳሳ ነው፤ በ3000 ላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ቤንዚኑ ግን እንደ አየሩ አይሳሳም። ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይደክማል። መፍትሔው ቤንዚኑን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። ሁለት ካርቡራቶር ያለውን እኩል ያካፍላል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም። ቀዳዳው በተለወጠ ቁጥርም ሥራው ሁለት ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። በቱ ኤፍ ላይ ድብልቁን የሚያደርሰው ቱቦ ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙቀቱ የቤንዚኑን ጠብታ ያተንነዋል። ሁለት ለመግጠም ይህን አውልቆ በቶርኖ ቤት አዲስ ማሠራት ያስፈልጋል። ያን ሙቀት ካጣ፣ የጋሸናን የጠዋት ብርድ በምን ይቋቋመዋል? ቤንዚኑስ ቢሆን? በማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ተሞልቶ በጎን የሚሸጠው ነው፤ ቆሻሻው አንዱን ካርቡራቶር ደፍኖ ሌላውን ቢተወው ሦስቱ ሲሊንደር እየሠሩ ሦስቱ ይጎተታሉ። ዋጋውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሶማሌ ተራ ለሁለት ካርቡራቶር የተጠየቅነው ከቶርኖው ጋር ሲደመር የሁለታችንን የዓመት ወጪ ይበላ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ተገዛ፤ ቀዳዳውም ለሲሪንቃ ከፍታ ጠበብ ተደረገ። ከተረፈው ገንዘብ የቤንዚን ማጣሪያና ስድስት አዲስ ካንዴላ ገባ፤ ታንከሩም ታጠበ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏልና አሮጌውን አስታሞ ማኖር ግድ ሆኗል።

የመረጥነው የሚበልጠውን አይደለም። አንደኛውና ስድስተኛው ካንዴላ ዛሬም ነጣ ይላሉ፤ የዳሮቹ ረኃብ አልቀረላቸውም። የመረጥነው አጎታችን በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ መካኒክ ሳይጠሩ ፈትተው ሊያጥቡት የሚችሉትን ነው። ሁለት ማለት የሚያደምጥ ሰው ይፈልጋል፤ ጎማዋን ከጆሮው አስጠግቶ የሚቀመጥ ሰው። እኛ ግን ትምህርት ሲከፈት ተሳፍረን እንመጣለን። በምንቀርበት ቤት ውስጥ እኛን የሚፈልግ ነገር ገጥመን መሄድ ልክ ነውን?

ታናሽ ወንድማችን አላመነም፤ የሁለቱን ቱቦ ንድፍ በደብተሩ ሥሎ አስቀምጦታል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ጎማዋን የሚይዝ እርሱ እንደሚሆን ይናገራል። ከምህንድስናው ወገን ከእርሱ ጋር የሚቆም ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።