ልሽጥ ወይስ ላቆይ? ከቡና ንግድ የተማርኩት

ጅማ ውስጥ ቡና ከገበሬ እየሰበሰብኩ ለላኪዎች አቀርባለሁ። መጋዘኑ ሞልቶ፣ አንዱ ምልክት «ሽጥ» ሌላው «ቆይ» እያለው እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ።

1. የሚጋጩ ምልክቶች ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በነሐሴ 2014 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ2 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በኅዳር 2015 ወደ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወረደ። እኛ ዘንድ ግን የጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ዋጋ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ላኪዎች ይሻሙበት ነበር። «የኒው ዮርኩ ዋጋ እኛን አይመለከትም» ብዬ በባንክ ብድር መጋዘኔን ሞላሁ። ተሳስቼ ነበር። ያኔ አንዳንዱ ላኪ ቡናውን ውጭ የሚሸጠው በኪሳራ ነበር፤ የሚፈልገው ዶላሩን ነበር፤ ኪሳራውን ከሚያስመጣው ዕቃ ይመልሰው ነበር። እኔ የቡና ፍላጎት ነው ያልኩት የዶላር ፍላጎት ኖሯል። ደንበኛዬ የነበረው ላኪ ዕቃ ማስመጣቱን ሲያቆም የኒው ዮርኩ ዋጋ ደጄ ድረስ መጣ፤ እያንዳንዱን ፈረሱላ ከገዛሁበት በታች ሸጥኩ። ዛሬ ሁለት ዋጋ ሲለያይብኝ «የቱ ነው እውነቱ?» አልልም። «ይህን የሚከፍለው ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

2. ክምችት የሚነግረን መጋዘን የገባውን ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን አይደለም። በዚያው ሰሞን በኒው ዮርክ ልውውጥ የተመዘገበው የአረቢካ ክምችት ከ20 ዓመት በላይ ወዳልታየ ዝቅተኛ መጠን ወርዶ ነበር። «ቡና የለም፤ ዋጋው መመለሱ አይቀርም» አልኩ። በጥር መጨረሻ ክምችቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

3. ሦስት ሰው አንድ ነገር ስላለ ሦስት ማስረጃ አይሆንም። ከመግዛቴ በፊት ለሦስት ነጋዴዎች ደውዬ አማክሬ ነበር፤ ሦስቱም «ይጨምራል» አሉኝ። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ላኪ መሆኑን ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «ከማን ሰማህ?» ሳልል ስልክ አልዘጋም።

4. ግማሽ ውሳኔም ውሳኔ ነው። ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ከፍሎ መሸጥ የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበርና። ሐምሌ 2016 ሲገባ የኒው ዮርክ ዋጋ ጥሩ ነበር፣ የብር ምንዛሪ ይለወጣል የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር። በሌላ በኩል የብድሬ ቀን ደርሷል። የቱ እንደሚያሸንፍ አላወቅኩም፤ አለማወቄንም በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ግማሹን ሸጥኩ። ሐምሌ 22 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሸጥኩት ግማሽ ቆጨኝ፤ አልክድም። ግን ብድሩን የከፈለልኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ደላሎች በቀን ሁለት ሦስቴ እየደወሉ አሁኑኑ ልሽጥላቸው ሲወተውቱኝ፣ ባንኩ አያስጨንቀኝምና የቀረውን ዋጋው እስኪረጋ አቆየሁት።