ትርጉም የሌለው ግጥም

ሰው አላዋቂ ላለመባል ሲል ስንት ጊዜ «ገብቶኛል» ይላል! እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ቃል ተዋርጄአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን «ጃበርዎኪ» የሚባለውን የሉዊስ ካሮልን ግጥም ሰጥተውን «አጥንታችሁ ኑ» አሉን። ማታ መዝገበ ቃላቴን ዘርግቼ ብፈልግ፣ ብፈልግ አብዛኞቹ እንግዳ ቃላት አልገኝ አሉኝ። ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ድንቁርና ላይ ጣልሁት። በማግሥቱ መምህሩ «የገባው ማነው?» ሲሉ ግን ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «እንግዲያው ተርጉምልን» አሉኝ። ጓደኞቼ ሲስቁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

መምህሩ ግን አልሣቁም። «ቃላቱን ደራሲው ራሱ ስለ ፈጠራቸው ባታገኛቸው አይግረምህ» ብለው በሰሌዳው ላይ «ድምጫሙ ግንብዞ በጭርፋው ላይ ተንሸፋለቀ» ብለው ጻፉ። «የተንሸፋለቀው ማነው?» ሲሉኝ «ግንብዞው» አልሁ። «ምን ዓይነት ግንብዞ?» «ድምጫም።» «የት?» «በጭርፋው ላይ።» «አሁን ነው ወይስ አልፏል?» «አልፏል።» እንዲያውም «ተንሸፋለቀ» የሚለው ቃል ከ«ተንሸራተተ» እና ከ«ተንከባለለ» ጋር ስለሚመሳሰል አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ታየኝ። ቃሉ ባዶ ቢሆንም ሰዋስውና ድምፅ ሥራቸውን አልተዉም ማለት ነው።

ሉዊስ ካሮል የብዕር ስም ነው፤ የሰውየው ስም ቻርልስ ላትዊጅ ዶጅሰን ሲሆን በኦክስፎርድ ሒሳብ ያስተምር ነበር። የግጥሙን መጀመሪያ በ1855፣ ሙሉውን ደግሞ በ1871 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሊስ በመስተዋት አልፋ ስለ ገባችበት ዓለም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አወጣው። ታሪኩ አንድ ወጣት አስፈሪ አውሬ ገድሎ ራሱን ይዞ ወደ አባቱ መመለሱ ነው። ሰይፉ «ስኒከር ስናክ» ሲል የሰማ ሰው ስለት መሆኑን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ከሌሎቹ ቃላት አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ሻንጣ ሁለት ትርጉም ታጭቆባቸዋል። በቅኔያችን አንዱ ኅብረ ቃል ለሰሙም ለወርቁም ያገለግላል፤ ካሮል ግን ሁለቱን ቃል ጨምቆ አንድ ያደርገዋል። ከነዚህም «ቾርትል» የሚለው የአሣሣቅ ስም ዛሬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቷል።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈው የመንግሥት ሥራ ያዝሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ቃላቱ ያማሩ፣ አረፍተ ነገሩ የረዘመ ደብዳቤ ሰጡኝና «መልስ አዘጋጅለት» አሉኝ። እንደ ግንብዞው ጠየቅሁት፤ አድራጊው ማነው? ምን ይደረግ ይላል? እስከ መቼ? ድምፁ ያማረ ነው፤ ሰዋስውም አለው፤ ነገር ግን የለውም። ልቤ እየመታ ተመለስሁና «ጌታዬ፣ አልገባኝም» አልሁ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ለካ እኔም አልገባኝም ኖሯል» አሉ።