ለወፍ የተዘራ ሱፍ

ግንቦት 4፣ ፑልስቪል፣ ሜሪላንድ
ዛሬ ሱፉን ዘራን። እሾሃማው የአገራችን ሱፍ ሳይሆን ትልቁ፣ የፈረንጅ ሱፍ የምንለው፤ ፍሬው ጥቁር ነው። ባለ መሬቱ ሽማግሌ ማሳውን ለሁለት ከፈሉት፦ ግማሹ ለዋኖስ፣ ግማሹ ለእኔ። እሳቸው ዋኖስ ሊያድኑ የሚመጡትን ያስከፍላሉ፤ እኔ ፍሬውን ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት የሐበሻ ሱቆች እሸጣለሁ። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወንጭፍ ሳስጮህ የዋልኩት ሰውዬ፣ አሁን ለወፍ እዘራለሁ።

ሐምሌ 8
ፈካ። እዚሁ ቅርብ፣ ማኪ-ቤሸርስ በሚባለው ስፍራ፣ የሜሪላንድ ግዛት ራሱ ለዋኖስ ብሎ ሱፍ ያዘራል። በዚህ ሰሞን ፎቶ ተነሺው ከወፉ ይበዛል፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱም አይቻለሁ። ያደገ ሱፍ ፀሐይን አይከተልም፤ ወደ ምሥራቅ እንደዞረ ይቀራል። ከሰዓት ለሚመጡት ፀሐይዋ ከጀርባው ናት።

ነሐሴ 12
የድርሻዬን በማጭድ ቆረጥኩ፤ የአበባው ጀርባ ቢጫ ሆኖ ቡናማ ሊል ነው። ትንንሽ ቢጫ ወፎች ተንጠልጥለው ከዳር ዳሩ ፈልፍለውታል። እጄ ጠጠር ፈለገ። ዋኖስ እንዲህ አታውቅም፤ መሬት የወደቀውን ብቻ ነው የምትለቅመው፣ እሱንም መሬቱ ገላጣ ከሆነ። ለዚህ ነው ሽማግሌው የሷን ድርሻ በትራክተር እያጨዱ እዚያው የሚጥሉላት።

ነሐሴ 22
ደርቆልኝ ወቃሁት፣ አበጠርኩት። ፍልሰታ ግን አልፏል፤ የሱፍ ፍትፍት የሚፈለግበት ጊዜ በሳምንት ያህል አመለጠኝ። የተረፈውን ግርድ ለዋኖሶቹ ብዬ ማሳቸው ላይ በተንኩት። ጽድቅ መስሎኝ።

ነሐሴ 23
ሽማግሌው አይተው ፊታቸው ቀላ። ማሳው ላይ የበቀለውን አጭዶ እዚያው ጥሎ ዋኖስ ማደን ይፈቀዳል። አንዴ ከማሳው ወጥቶ የተመለሰ እህል ግን ማባበያ ነው፤ እዚያ ላይ ማደን በፌደራል ሕግ ያስከስሳል። እህሉ ተጠራርጎ ከተነሳ በኋላም 10 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። የአደኑ ወቅት የሚከፈተው ደግሞ ከነገ ወዲያ በማግሥቱ!
«ከዚሁ ማሳ የወጣ አይደል እንዴ?» አልኳቸው።
«ጥፋተኛው ሱፉ አይደለም፤ ጆንያህ ነው» አሉኝ።
እስኪመሽ ጎንበስ ብለን ጠረግን፣ ለቀምን። ማታ እያንዳንዱ አዳኝ ጋ እየደወሉ አትምጡ ሲሉ፣ እኔ በረንዳው ላይ ጫማዬን አያለሁ።

ጳጉሜን 4
ቀኑ ሞላ። ከሰዓት ተኩስ ሰማሁ፤ ከተጠሩት የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። የሲልቨር ስፕሪንጓ ባለ ሱቅ «እህቴ፣ ጥቁርነቱን አትዪ፣ ተልጦ ነው የሚወቀጠው» ብላትም ከሁለት ጆንያ በላይ አልወሰደችልኝም። የቀረችውን ጆንያ ለሽማግሌው ለኪሳራቸው ብዬ ሰጠኋቸው። ስቀው ተቀበሉኝና ከመኖሪያ ቤታቸው መስኮት ፊት የተሰቀለውን የወፍ መመገቢያ ሞሉበት።