አንድ ፎጣ ለዐሥራ አንድ ሰው

ከኳሱ ሌላ የምንጋራው ነገር ብዙ ነበር። ከልምምድ ስንመለስ ላባችንን የምናብሰው ባንድ ፎጣ፣ ጺማችንን የምንላጨውም ባንድ ምላጭ ነበር፤ ይህንንም ወንድማማችነት እንለው ነበር።

ካጥቂዎቻችን አንዱ ሜዳ ላይ ወድቆ ጕልበቱ ተላጠ። ባራተኛው ቀን ቍስሉ ቀላ፣ አበጠ፣ መግልም ቋጠረ። እርሱም ከቡድኑ እንዳይወጣ ፈርቶ በካልሲው ደበቀው። እኛም አየነው፤ ነገር ግን ግጥሚያው ስለ ቀረበ «ብጉንጅ ነው፣ ይፈርጣል» ብለን ዝም አልን። ብዙ ሳይቈይ በአራታችን ላይ ወጣ፤ እርሱም በትኵሳት ተይዞ ሐኪም ቤት ገባ።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ያለ ጕዳት ይኖራል፤ የተላጠ ቆዳ ሲያገኝ ግን በር ተከፈተለት ማለት ነው። በንክኪ፣ በፎጣና በምላጭም ይተላለፋል። በአሜሪካ አገር እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሴንት ሉዊስ ራምስ 58 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች 5ቱ በተለመዱት መድኃኒቶች በማይበገር የዚሁ ባክቴሪያ ዐይነት ተይዘዋል፤ ሕመሙ ሁሉ የጀመረው ሜዳው በላጠው ቆዳ ላይ ነበር።

ጓደኛችን ድኗል። እኛን ግን አንድ ነገር ይቈጠቍጠናል፤ ዝም ስንል ለእርሱ ያዘንን መስሎን ነበር፤ በውነቱ ያዘንነው ለግጥሚያው ነው። ግጥሚያውንም ተሸነፍን።

አሁን እያንዳንዳችን የራሳችን ፎጣ አለን። ቍስል ያለበትም ይናገራል፤ እስኪድን አይጫወትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጓደኛውን በሽታ የደበቀስ?