የትከሻ ሰላምታ

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚውሉበት አንድ ማእከል በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። ዘሚ የኑስ በገዛ ልጃቸው ምክንያት ተነሣሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ከከፈቱ ወዲህ፣ በየጓዳው ተደብቀው የኖሩ ልጆች በእናቶቻቸው እጅ ተይዘው ወደ አደባባይ መውጣት ጀምረው ነበር። «እርግማን ነው» የሚል ጎረቤት ግን ያኔም አልጠፋም።

መጀመሪያ የተወዳጀሁት ከአንድ ቆርኪ ወዳድ ልጅ ጋር ነው። ቃል ከአፉ አይወጣም። ጠዋት እንደገባ ግድግዳው ጥግ ይቀመጥና ከኪሱ ቆርኪ አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ በሁለት ጣቱ ያሾረዋል። ቆርኪው ዞሮ ዞሮ ሊወድቅ ሲል እየፈጠነ የሚሄድ ትርርር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ልጁ ጆሮውን ወደ ወለሉ ዝቅ የሚያደርገው ለዚያች ቅጽበት ነበር።

እኔም ቆርኪ ፈልጌ ራቅ ብዬ፣ ጎኔን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት መቀመጥ ለእሱ ፍጥጫ ነው። ሲያሾር አሾርኩ፤ ሲተው ተውኩ። ሰንበትበት እስክንል ድረስ ከቁብም የቆጠረኝ አይመስልም ነበር። አንድ ማለዳ ግን የሚዞረውን ቆርኪ በመዳፉ ከደነውና ቆየ። እኔም የራሴን ከደንኩ። በዐይኑ ጥግ አየት አደረገኝ። እንደገና አሾረ፣ ወዲያው ከደነ። ተከተልኩት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ለካ ሲፈትነኝ ነበር! ከዚያ ወዲያ መቼ እንደምንጀምርና መቼ እንደምናቆም የሚወስነው እሱ ሆነ።

እንግሊዝ አገር፣ ሀርትፎርድሺር በሚገኘው የሀርፐርበሪ ሆስፒታል ትምህርት ቤት፣ ዴቭ ሂዊትና ሜላኒ ኒንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህንኑ መንገድ እንዳዳበሩት ያወቅኩት ኋላ ነው። መነሻቸው እናት ከጨቅላዋ ጋር የምታደርገው ጨዋታ ነበር፤ ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ትመልስለታለች፣ ዝም ስትል ተራው የእሱ ይሆናል። እኔ ዛሬም አጥብቄ የምሟገትለት ለዚያ ዝምታ ነው። ልጁ አስቦ የሚመልስበት ጊዜ ካላገኘ፣ የሚያደርገውን ተከትሎ ማድረግ ብቻውን ኩረጃ ሆኖ ይቀራል።

አንዲት ኮረዳም ነበረች። የእጄን አንጓ ይዛ መዳፌን በሩ እጀታ ላይ ታሳርፈዋለች። «እጅህን እንደ ዕቃ ነው የምትጠቀምበት» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን በአያያዟ ልቧን አውቅ ነበር። አያያዟ ላላ ካለ ፀሐይ አምሯታል። ጥፍሯ ቆዳዬ ላይ ካረፈ ጫጫታው በዝቶባታል፤ ያኔ በሩን ለመክፈት አፍታ አልቆይም።

እንዲህ ያለውን ነገር ያስተማሩኝ እናቶች ናቸው። አንዷ፣ «ልጄ፣ አፉን ምን ታያለህ? እግሩን እየው እንጂ» አሉኝ። «በጣቶቹ ብቻ መራመድ ከጀመረ ከፍቶታል፤ ውሃ ስጠውና ከሰው ነጠል አድርገህ አስቀምጠው።» ልጃቸውን በእሳቸው ልክ የሚያውቅ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ለብዙዎቹ ይኮሰኩሳቸዋል፤ ጠበቅ ያለ ንክኪ ግን የሚያረጋጋቸው ጥቂት አይደሉም። ከእኔ በቁመት የሚበልጥ አንድ ወጣት ሊስሙት ሲጠጉ ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ቀን ከጥበቃው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስንጋጭ ቆሞ ሲያየን ቆየና መጥቶ ትከሻውን ሰጠኝ። ገጨሁት። መልሶ ገጨኝና ክብደቱን ጥሎብኝ ቆመ፤ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ደረቱ ክንዴ ላይ ተሰማኝ።

ማታ ሊወስዱት የመጡት አባቱ ደጃፉ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። «እኔንስ እሺ ይለኝ ይሆን?» አሉ። ወደ እሱ ወሰድኳቸውና፣ «በቀኙ ይሁን ጋሼ፤ እንዳይፈሩ፣ ጠበቅ አድርገው ይግጩት» አልኳቸው።