ወደ ድሮው ጨዋታ ስንመለስ

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 21፥1-19

በሃያዎቹ ዕድሜያችን እኛ ሁለት ጓደኛሞች ከኳየር ልምምድ ስንወጣ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ጌም ቤቶች ነበር የምንሮጠው። ቴከን 3 እንጫወታለን። የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። አንዳችን ፖልን፣ ሌላችን ኤዲን እንይዛለን። ኤዲ እየጨፈረ ሲራገጥ፣ "አዝራር ከመቀጥቀጥ በቀር ምን ታውቃለህ!" እየተባባልን እንስቃለን።

ዓመታት አለፉ። አንዳችን ሥነ መለኮት ኮሌጅ ገብቶ መጋቢ ሆነ፤ ሌላችን ሽማግሌ። በአንድ የአጥቢያ ጉዳይ ሳንስማማ ቀረን፤ በስብሰባ ላይም መባባል የማይገባንን ተባባልን። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ይቅርታ እያስተማርን፣ መንገድ ላይ ስንተያይ ግን ወደ ማዶ እንሻገር ነበር።

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። አንዳችን፣ "ልጄ ቴከን 8 አለው፤ ናማ እንጫወት" አለ። ሁለታችንም ደስ አለን። ይቅርታ ሳንጠያየቅ ወደ ድሮው የምንመለስ መስሎን ነበር።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው። ሥዕሉ ያስደንቃል። ኤዲን ብንፈልገው ግን የለም፤ ልጁ "እሱ በተጨማሪ ክፍያ ነው" አለን። ስልቱ ተለውጧል፤ ጣቶቻችንም አልታዘዙልን አሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆይስቲኩን አስቀመጥን። ዝምታው ያው ነበር።

ልጁ ሊያዝናናን ታሪኩን ተረከልን። ሄይሃቺ ልጁን ካዙያን ከገደል ወረወረው፤ ካዙያ አድጎ አባቱን ተበቀለ፤ አሁን ደግሞ ከገዛ ልጁ ከጂን ጋር ይፋለማል። "እነዚህ ሰዎች አይታረቁም እንዴ?" ብለን ጠየቅነው። "ከታረቁማ ጨዋታው አለቀ" አለ።

ተያይተን ወጣንና ወደ ጣና ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ወደ ዳር እየጎተቱ ነበር። ጴጥሮስን አሰብነው። ጌታውን ከካደ በኋላ ወደሚያውቀው መረብ ተመለሰ፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ምንም አልያዘም። ሲነጋ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር የከሰል እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው። የካደውም በከሰል እሳት ዳር ነበር (ዮሐ 18፥18)። ጌታ ምንም እንዳልተፈጠረ አላለፈውም። ከቁርስ በኋላ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ ቁስሉን ነክቶ ፈወሰው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

ከሁለታችን አንዱ፣ "ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ" አለ። ሌላው "እኔም" አለ። ማን እንደ ቀደመ መናገር አያስፈልግም። እስኪመሽ ድረስ አራት ዓመት ያላወራነውን አወራን፤ አንዳንዱ ቃል አሁንም ያማል።

ወገኖች ሆይ፣ በጨዋታው አልተቀየምንም። መሥራት የማይችለውን ሥራ የሰጠነው እኛ ነን። የድሮ ሳቅ የይቅርታን ቦታ አይተካም። እናንተስ መንገድ ላይ ስታዩት የምትሻገሩት ሰው ማን ነው? ዛሬ ስሙን በጌታ ፊት ጥሩት፤ ከዚያም ስልክ ደውሉለት።

ጌታ ሆይ፣ ከባዶ መረባችን ወደ አንተ እሳት ጥራን። አሜን።