የእንግዳው በግ

ቺሮ ውስጥ የበላይ አካል ሊመጣ መሆኑ ከደብዳቤው ቀድሞ የሚታወቀው በበግ ተራ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገና ቁጥር እየተሰጠው ሳለ፣ አንድ የቢሮ ሰው ገበያ ወርዶ የሙክት ላት ሲደባብስ ይታያል። ሻጩም ዋጋ ይጨምራል፤ በራሱ ብር የማይገዛ ሰው ብዙ እንደማይከራከር ያውቃል። እንግዳው በቀጠሮው ቀን በሁለት ላንድክሩዘር ይደርሳል። የእርከን ሥራ ይጎበኛል፣ ምሳውን ይበላል፣ «በጣም አበረታች ነው» ይልና ወደ ሐረር ይቀጥላል።

እኔ በዚህ መንገድ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከተጎበኙት ፕሮጀክቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ ምሳዎቹን ግን አልረሳሁም። ጡረተኛ ጊዜ አያጣምና ይህ በግ ዘሩ ከየት ነው ብዬ ወደ ኋላ መቁጠር ያዝኩ።

ቅድመ አያቱ ድርጎ ነው። በድሮ ጊዜ የንጉሥ ደብዳቤ የያዘ እንግዳ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ቀለቡ በባላገሩ ጫንቃ ላይ ነበር። ማኅተሙን የአገሩ ገዥ ያያል፤ ገዥው ለጭቃ ሹሙ፣ ጭቃ ሹሙ ለገበሬው ይነግራል። ማታ እንግዳው ድንኳን ደጃፍ ላይ እንጀራው በመሶብ፣ እንቁላሉ በሰፌድ፣ ማሩ በቅል፣ በጉ በገመድ ይቀርባል። ለበቅሎዎቹ ሣርና ገብስ፣ ለእሳቱ እንጨት ይታከላል። ንጉሡ ለጋስ ይባላሉ፣ እንግዳው ይመሰገናል፤ ከፋዩ ደብዳቤውን ማንበብ የማይችለው ሰውዬ ነው።

ቺሮ ያለችበት ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ሸንጎውም በበዴሳ አቅራቢያ ኦዳ ቡልቱም ሥር ነበር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. (የሚከተሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የምኒልክ ጦር በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል መሪነት ገብቶ ሰፈረበት። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ ገባር ነበረው። ስለዚህ የሩቅ አገር እንግዶች በዚህ ደጋ ማለፍ ሲጀምሩ ገበሬው ሌላ ሰው ማብላቱን ከወዲሁ ለምዶታል፤ ቢወድም ባይወድም።

ከመጀመሪያዎቹ መንገደኞች አንዱ ገጣሚው አርተር ራምቦ ነው። በ1887 በሜይ ወር ከአሳሹ ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነስቶ በጨርጨር በኩል ሐረር ገባ። ሹም አልነበረም፤ ግጥሙን ከተወ ቆይቶ ጠመንጃ የሚነግድ ሰው ነበር። ምኒልክ ጠመንጃዎቹን ከገዙት በኋላ ጥሬ ገንዘብ በመስጠት ፈንታ ሐረር ላይ ከገዥው ከመኮንን (ኋላ ራስ) የሚቀበለው የክፍያ ወረቀት ሰጡት። እንግዲህ የፈረንሳይን ግጥም የለወጠው ሰው በሂርና በኩል ያለፈው የመንግሥት ዕዳ ሊሰበስብ ነው። ዛሬ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ አቅርቦ ክፍያ የሚጠብቅ ነጋዴ ሁሉ በእሱ ቢጽናና አይፈረድበትም። ራምቦ ስለዚህ ጉዞ የጻፈው ማስታወሻ ደረቅ ነው፤ የቦታ ስም፣ ርቀት፣ ዳገትና ቁልቁለት። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የሐረር ጦር የተሸነፈበትን የጨለንቆን ሜዳም አቋርጧል። እራቱን ያቀረበለት ማን እንደሆነ ግን አልጻፈም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጡት ዋናዎቹ ናቸው። ከዐድዋ ድል ማግስት፣ በ1897፣ እንግሊዝ ከምኒልክ ጋር የሚዋዋል የልዑካን ቡድን ላከች። መሪው ከካይሮ የተነሳው ሬኔል ሮድ ነበር። አብረውት ኋላ ለዓመታት ሱዳንን የገዛው ሬጂናልድ ዊንጌት፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመድ ካውንት ግላይኸን፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ ሶልስበሪ ልጅ ኤድዋርድ ሴሲል ነበሩ። ከዘይላ ሐረር ወጥተው ደጋውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ውሉ ሜይ 14 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ የሶማሌን ድንበር የሚመለከተው ደብዳቤ ደግሞ ጁን 4 ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር ተለዋወጡ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ሦስት ሳምንት አለ፤ አብዛኛው በበቅሎ ጀርባ ላይ ያለቀ ነው። ግላይኸን ጉዞውን መጽሐፍ አደረገው። ሴሲል ደግሞ ከዓመታት በኋላ ግብፅ ውስጥ ስላለ የቅኝ ገዥ ሹም ሥራና ዕረፍት የሚያስቅ መጽሐፍ ጽፏል። እኔ በዚህ አልገረምም። በሰው አገር፣ በሰው በግ፣ በሰው በቅሎ እየተንሸራሸረ ቀልድ የማይመጣለት ሰው ካለ ተፈጥሮው ደረቅ ነው።

ከቡድኑ ውስጥ ግን ለዚህ ወግ የሚያስፈልገኝ ሽማግሌው አስተርጓሚ ነው። ካፒቴን ስፒዲ ይባላል፤ አጼ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሎ «ባሻ ፈለቀ» የሚል ስም ያወጡለት፣ ቁመቱ የተወራለት ሰው። መቅደላ በ1868 ሲወድቅ የቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በአሳዳጊነት የያዘው እሱ ነበር። ልዑሉ በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ እንደሞተ ሁላችንም እናውቃለን።

ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ግን ዓለማየሁ ብቻ አልነበረም። ወርቅነህ እሸቴ የሚባል የጎንደር ሕፃንም በአንድ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ገብቶ ሕንድ ተሻገረ። ስሙን ከሁለት መኮንኖች ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ በስኮትላንድም ትምህርቱን ቀጥሎ በርማ ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ማለት፣ ራሱ የቅኝ ግዛት ሹም ሆነ። የዐድዋ ወሬ በርማ ሲደርሰው አገሩ ትዝ አለው፤ በ1899 በዘይላ በኩል መጣ። አዲስ አበባ ላይ አያቱ በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው «የእኔ ልጅ ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ እሳቸው ብዬ ብጽፍ ይሻላል፤ ሐኪም ወርቅነህ በኋላ ጨርጨርን የሚገዙ ናቸውና።

እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ባቡር ገባ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ ደጋውን ትቶ በቆላው በአፍደም፣ በመኢሶ፣ በአሰቦት፣ በአዋሽ ሄደ። የታሪክ ሰዎች ባቡሩ ጨርጨርን ወደ ዳር ገፋው ይላሉ። እኔ ግን የጨርጨር ገበሬ ከባቡሩ ያገኘው ትልቁ ጥቅም ሹማምንቱ በመስኮት እያዩ ማለፋቸው ይመስለኛል። እራታቸውን አዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ ውስጥ፣ በገዛ ገንዘባቸው ይበሉ ነበር።

ከባቡሩ ወዲህ አዲስ ሐሳብ መጣ። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ቺሮ፣ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሩሲያ የተማሩ የመድፍ መኮንን፣ በእንስሳት አስመስለው ሹማምንትን የሚተቹበትን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉ፣ ኋላም የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው። ጨርጨር ለቀረው አገር አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ገበሬው የታወቀ ግብር በገንዘብ ይክፈል፣ ሹሙም በደመወዝ ይደር። ነገሩ ዛሬ ቀላል ይመስላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ግን ሹምን ከገበሬው መሶብ አንስቶ በወር ደመወዝ ማኖር ትልቅ ድፍረት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገዥ ሆነው ይህንኑ ቀጠሉ። የበርማው ሹም ልምድ እዚህ ጠቀመ፤ ሒሳብ በመዝገብ፣ ዳኛ በደመወዝ፣ ትምህርት ቤት፣ ከአሰበ ተፈሪ ወደ መኢሶ ጣቢያ የሚወርድ የመኪና መንገድ። ዛሬ ከመኢሶ ተነስቶ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው አባዱላ፣ ወይም ጫት ጭኖ ቁልቁል የሚከንፈው አይሱዙ፣ የእሳቸው ባለዕዳ ነው።

ይህን ወግ እንድጽፍ የገፋፋኝ የሚከተለው ነው። በ1933 ማለቂያ ላይ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት አዋሽ ወንዝ የት እንደሚደርስ ልይ ብሎ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሳ። አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ስለነበረ የተወለደውም እዚያው ሌጋሲዮኑ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቆይቶም በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ሹም ሆነ። በአፋር አገር መንገዱ ክፉ ነበርና መንግሥት ተመለስ አለው። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ እንዲያልፍ የፈቀዱለት የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ ያውም በሚደርስበት ነገር መንግሥት እንዳይጠየቅ በፊርማው ካረጋገጠ በኋላ። እስቲ ልብ በሉ። የሚለምነው ወጣት አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው፤ የሚለመኑት ገዥ የእንግሊዝ ስም ያላቸው የጎንደር ሰው ናቸው። ያለ ወረቀት የትም እንደማይኬድ ደግሞ የተማሩት ከእሱው ወገኖች ነው። ቴሲጀር በ1934 ሜይ ላይ ታጁራ ደረሰ፤ ወንዙም ባሕር ሳይደርስ ሐይቅ ውስጥ እንደሚቀር አይቶ ተመለሰ።

ቀሪው በፍጥነት ያልፋል። ሐኪም ወርቅነህ በ1935 ሚኒስትር ሆነው ለንደን ሄዱ፤ ጣሊያን ገባ፤ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1937 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ከተቃጣው የግድያ ሙከራ በኋላ ተገደሉ። የአርአያነቱም ነገር በዚያው ቀረ። ከነፃነት በኋላ የመጣው ሹም ደመወዙን አልመለሰም፤ መሶቡንም አልተወም።

ድርጎ እንግዲህ አልሞተም፤ ቁጥር ወጣለት። የመንግሥት ሒሳብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ 6231 ውሎ አበል ነው፣ 6233 መስተንግዶ ነው። እንግዳው አበሉን ከላይ ይቀበላል፤ ምሳውን ከታች ይበላል። ሁለቱ ሒሳቦች በተለያየ ፋይል ስለሚቀመጡ አይተዋወቁም። ደብዳቤው ዛሬም ማኅተም አለው፤ ከፋዩም ዛሬ ሊያነበው ይችላል፤ የሚያነበው ግን ከበጉ በኋላ ነው።

ሂርና ላይ እንዲህ ያሉ ቡድኖች የሚመገቡባት አንዲት ባለ ምግብ ቤት አለች፤ ሁላችንም አዴ ነው የምንላት። ጓዳዋ በጠዋት በሽንኩርት ጢስ ይሞላል፣ የበጉ ጎድን በገበታው ላይ ይከተከታል፣ ጥግ ላይ ሆጃው ከወተቱ ጋር ይንተከተካል። ከቅቤው ዕቃ አጠገብ በሚስማር የተሰቀለ የዱቤ ደብተር አላት። ስም አትጽፍም፤ «የፌዴራል፣ 2 በግ»፣ «የዞን፣ 1 በግ ከነሆዱ» ብላ ነው የምትመዘግበው። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ለአዲስ እንግዳ ምሳ ሊያዝ ሲመጣ እኔም እዚያ ነበርኩ።

«አዴ፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው። ደረሰኙ ጠቅላላ መስተንግዶ ይባል።»

«የኔ ልጅ፣ የሰኔው አልተከፈለኝም እኮ።»

«እሱ አልተወራረደም፤ በጀት ዓመቱ ተዘጋ።»

«አቦ፣ እኔ በጉን ስገዛ ባለበጉ በጀት ተዘጋ ብሎኛል?»

ገንዘብ ያዡ ስልኩ ጠራለትና ወጣ። አዴ ደብተሩን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት እንግዳ በግ የምታርደው ገንዘቡን ቀድማ ስትቀበል ብቻ ነው፤ አለዚያ ሽሮ ነው፣ ቢበዛ እንቁላል ፍርፍር። ያን ቀንም ከመጣው ቡድን ፊት የቀረበው ሽሮ ነበር። ዐሥራ ሁለቱም ዝም ብለው በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ እርከኑን አይተው ሄዱ። ሪፖርታቸው በወሩ ደረሰን፤ በአካባቢው የምግብ ዋስትና ክፍተት መኖሩን ቡድኑ በመስክ ምልከታ አረጋግጧል ይላል።